ስኳር የሚያዛቸው ጂኖች

መርካቶ ውስጥ ስኳር በብዙ መልክ ይሸጣል። በኩንታል የሚራገፈው ነጩ የሸንኮራ አገዳ ስኳር አንዱ ብቻ ነው። ማሩ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ስኳሮችን ይዞ ይመጣል። ጠላ ለሚጠምቁ ሰዎች ከጌሾ ጋር የሚቀርበው ብቅል ማልቶስ አለው። የዱቄት ወተቱ ጣሳ ላክቶስን ይዟል። ከዕጣንና ከከርቤ ጋር በአንድ የንግድ መስመር ከቆላ የሚመጣው የግራር ሙጫ ደግሞ ለምላስ ጣፋጭነት ባይኖረውም፣ በአሲድ ሲፈታ ጋላክቶስ፣ አራቢኖስና ራምኖስ የተባሉ ሦስት ስኳሮችን ይሰጣል።

ገዢው እነዚህን ሁሉ የሚያውቃቸው በምግብነት፣ በመጠጥ ማጣፈጫነት ወይም በማጣበቂያነት ነው። ለባክቴሪያ ግን እያንዳንዱ ስኳር ምግብ ከመሆኑም በላይ መልእክት ነው። ወደ ሴሉ ሲገባ የሚፈጨው መሣሪያ እንዲሠራ ያዛል፤ ሲያልቅም ሥራው እንዲቆም ያደርጋል። ሳይንቲስቶች ባለፉት ሰማንያ ዓመታት ይህን ትእዛዝ ማንበብ፣ ቀጥሎም በራሳቸው እጅ መጻፍ ተምረዋል። ሕያው ሴል አዲስ ሥራ እንዲሠራ አድርጎ የሚያደራጀው ሲንተቲክ ባዮሎጂ የሚባለው ሙያ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ጂንን በስኳር ማብራትና ማጥፋት።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኢ. ኮላይ ከምትባለው ባክቴሪያ መነሣት ያስፈልጋል። በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የምትኖር፣ ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስት መቶኛ (1/500) ገደማ የሆነች ፍጥረት ናት። ምግብና ሙቀት ከተመቻት በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ትከፈላለች። ከ4,000 በላይ ጂኖች አሏት። ጂን ማለት አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት የዲ ኤን ኤ ክፍል ነው። ሁሉንም ፕሮቲኖች ሁልጊዜ ብትሠራ ጉልበቷን በከንቱ ትጨርሳለች፤ ቆጥባ የምታድገው ጎረቤቷም ትቀድማታለች። የመርካቶ ነጋዴ የጭነት መኪናው በር ላይ ሳይቆም አውራጅና ጫኝ ቀጥሮ ቀኑን ሙሉ አያስቀምጥም። ባክቴሪያዋም ላክቶስ ሳይመጣ ላክቶስ ፈጪ ኢንዛይም አትሠራም።

ይህን ቁጥብነት የሚያስፈጽመው ክፍል ፕሮሞተር ይባላል። ፕሮሞተር ከጂኑ ፊት ያለ አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ነው። በራሱ የሚሠራው ፕሮቲን የለም። አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም የጂኑን ጽሑፍ መገልበጥ ከየት እንደሚጀምርና በምን ያህል ድግግሞሽ እንደሚጀምር የሚወሰነው ግን እዚህ ላይ ነው። ፕሮሞተሩ ከተዘጋ ጂኑ ቢኖርም የለም ማለት ነው። ከተከፈተ ደግሞ ሴሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲኑን ማምረት ይጀምራል።

የግኝቱ ታሪክ የሚጀምረው ጦርነት ላይ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በናዚ ጀርመን እጅ ወድቃ ሳለ፣ ዣክ ሞኖ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በሶርቦን ባክቴሪያዎችን በሁለት ዓይነት ስኳር እያሳደገ ዕድገታቸውን ይለካ ነበር። (እነዚያ ዓመታት ለአዲስ አበባም የወረራ ዓመታት ነበሩ። የአገሬው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ በምንለው ስፍራ የተተከለው በጣሊያኖች ጊዜ ነው።) ሞኖ ግሉኮስና ላክቶስን ደባልቆ ሲሰጥ ባክቴሪያዎቹ በፍጥነት ያድጉና ድንገት ይቆማሉ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ እንደገና ማደግ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ግሉኮሱን ብቻ ይበላሉ፤ ላክቶሱ አጠገባቸው እያለ አይነኩትም። ግሉኮሱ ሲያልቅ ለአፍታ ይቆሙና ላክቶስ የሚፈጩበትን ኢንዛይም ሠርተው ይቀጥላሉ። ያቺ አጭር የቆይታ ጊዜ የሞኖን ቀሪ የሳይንስ ሕይወት ወሰነች።

ሞኖ በ1941 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን አስፈትኖ ከፈረንሳይ አርበኞች ጋር በኅቡዕ ታገለ። ከጦርነቱ በኋላ በፓስተር ኢንስቲትዩት ከፍራንሷ ዣኮብ ጋር ሆኖ ወደዚያችው ጥያቄ ተመለሰ። ከአሜሪካ የመጣው አርተር ፓርዲ በተካፈለበት ሙከራ፣ ላክቶስ ኖረም አልኖረም ኢንዛይሙን ዘወትር የሚሠሩ "የተበላሹ" ባክቴሪያዎችን ከጤነኞቹ ጋር አዳቀሉ። ጤነኛው ጂን ሲገባ ያ ማቋረጫ የሌለው ምርት ቆመ። ስለዚህ ጤነኛዋ ባክቴሪያ ጂኑን የሚከለክል አንድ ነገር ትሠራለች ማለት ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ የዘመናዊው ባዮሎጂ መሠረት ሆነ። በ1965 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዓመቱ ደግሞ ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር ሂል በሃርቫርድ ያን ከልካይ ለይተው አወጡት፤ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላክቶስ በሌለበት ከልካዩ ፕሮቲን ከፕሮሞተሩ አጠገብ ባለው ዲ ኤን ኤ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ መንገዱም ይዘጋል። ላክቶስ ሲገባ ጥቂቱ መልኩን ለውጦ አሎላክቶስ ይሆንና ከልካዩን ይይዘዋል። ከልካዩ ቅርጹ ይለወጣል፣ ከዲ ኤን ኤው ይለቃል፣ ጂኑም ይከፈታል። ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም። ግሉኮስ ካለ ፕሮሞተሩን የሚያበረታ ሌላ ፕሮቲን ሥራውን አይጀምርም፤ ምርቱም እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ጂኑ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ላክቶስ ሲኖርና ግሉኮስ ሲጠፋ፣ ሁለቱም ሁኔታዎች በአንድነት ሲሟሉ ነው። አእምሮ የሌላት ፍጥረት ሁለት ማስረጃ አገናዝባ የምትወስነው ውሳኔ ነው።

የሰው ልጅም በወተት ስኳር ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። ሕፃናት ላክቶስ የሚፈጭ ኢንዛይም ይዘው ይወለዳሉ፤ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ግን ጂኑ ከልጅነት በኋላ ይዳከማል። ወተት በሚያዘወትሩ ሕዝቦች ውስጥ ብዙ ሰዎች ዘንድ ሳይዳከም ይቀጥላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ወተት ጠጪዎች ዘንድ ይህን ጂን ክፍት የሚያደርጉ የተለያዩ የዲ ኤን ኤ ለውጦች በአንድ ጠባብ ስፍራ ተጠጋግተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ልዩነቱ ግልጽ መሆን አለበት፤ ባክቴሪያዋን የሚያዛት የዕለቱ ላክቶስ ነው። በሰው ዘንድ ግን ወተት መጠጣት ጂኑን አያበራውም፤ ለውጡ በዘር የሚወረስ ነው።

አሁን ይህ የላክቶስ ማብሪያ ወዳስገኘው መድኃኒት እንምጣ። የስኳር ሕመምተኞች እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የሚወጉት ኢንሱሊን ከታረዱ አሳማዎችና ከብቶች ቆሽት የሚጨመቅ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የነበሩ ተመራማሪዎች ሶማቶስታቲን ለተባለ ሆርሞን በኬሚካል የተሠራ ጂን በኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብተው ሆርሞኑን አመረቱ። በ1978 እ.ኤ.አ. በዚያው መንገድ የሰው ኢንሱሊን መሠራቱ ተበሠረ። የተጠቀሙበት ፕሮሞተር ሞኖና ዣኮብ ያጠኑት የላክቶሱ ፕሮሞተር ነበር። የኢንሱሊኑን ጂን ላክቶስ ፈጪ ከሆነው ኢንዛይም ጂን ጫፍ ላይ ቀጠሉት። ባክቴሪያዋ ኢንዛይሙን የምትሠራ እየመሰላት ኢንሱሊኑንም አብራ ሠራች፤ ከዚያ በኬሚካል ቆርጠው ለዩት። የኢንሱሊን ሁለት ሰንሰለቶች ለየብቻ ተመርተው በኋላ ተገጣጠሙ። በጥቅምት 1982 እ.ኤ.አ. ሂዩሙሊን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ፋብሪካዎች ከዚያ በኋላ ሌሎች ፕሮሞተሮችንም፣ እርሾንም ተጠቅመዋል። በሩን የከፈተው ግን በወተት ስኳር የሚታዘዘው ጂን ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትቀመጠው የሰው ኢንሱሊን ብልቃጥ የዚያ ሥራ ውጤት ናት።

ከላክቶሱ ቀጥሎ በቤተ ሙከራ የታወቀው ማብሪያ የአራቢኖስ ነው፤ ግራር ሙጫ ውስጥ ያለው ስኳር። ይህን ያጠናው ኤሊስ ኤንግልስበርግ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። በላክቶሱ ጉዳይ ጂኑ የሚከፈተው ከልካዩ ሲነሣ ነው። በአራቢኖሱ ግን አራሲ የተባለው ፕሮቲን ራሱ መጥቶ ጂኑን ያበራዋል። ጂን በክልከላ ብቻ ይመራል የሚለው የፓሪሱ አስተሳሰብ በገነነበት በዚያ ዘመን ይህን የተቀበለው ጥቂት ሰው ነበር። ኤንግልስበርግ ዓመታት ጠብቆ፣ ማስረጃ ደርቦ አሳመነ። እልኸኝነቱ ሊደነቅ ይገባል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮበርት ሽላይፍና ባልደረቦቹ አራሲ ሁለት ፊት እንዳለው አሳዩ። አራቢኖስ ከሌለ ፕሮቲኑ ሁለት የተራራቁ የዲ ኤን ኤ ቦታዎችን ይዞ መካከሉን እንደ ቀለበት ያጥፈዋል፤ ጂኑም ይዘጋል። አራቢኖስ ሲመጣ አንዱን ለቆ ከፕሮሞተሩ አጠገብ ይይዝና ፖሊሜሬዙን ይጋብዛል።

ይህ ማብሪያ ሲዘጋ በደንብ ስለሚዘጋ ተወደደ። አንዳንድ ፕሮቲን ለባክቴሪያዋ መርዝ ነው፤ ጥቂት እንኳ ከሾለከ ትሞታለች። በ1995 እ.ኤ.አ. ከጆን ቤክዊዝ የሃርቫርድ ቤተ ሙከራ የወጡት በአራቢኖስ የሚበሩ ፕላስሚዶች (ፕላስሚድ በባክቴሪያ ውስጥ ለብቻው የሚኖር ክብ ዲ ኤን ኤ ነው) በዓለም ዙሪያ ተሰራጩ። አራቢኖስ ሲጨመር ይበራሉ፤ ግሉኮስ ሲጨመር ይጠፋሉ።

ችግር ግን አልታጣም። አራቢኖሱ መካከለኛ መጠን ላይ ሲሆን እያንዳንዷ ባክቴሪያ መካከለኛ ምርት ትሰጣለች ተብሎ ሊገመት ይችላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የዴቦራ ሲገሌና የጄምስ ሁ ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። ገሚሶቹ ባክቴሪያዎች ሙሉ በሙሉ በርተው፣ ገሚሶቹ ሙሉ በሙሉ ጠፍተው ተገኙ። ምክንያቱም አራቢኖስን ወደ ሴል የሚያስገባው ፕሮቲን ራሱ በአራቢኖስ የሚበራ መሆኑ ነው። ትንሽ የገባላት ብዙ ታስገባለች፤ ያልገባላት ውጭ ትቀራለች። ኋላ ላይ አስገቢውን ፕሮቲን ዘወትር እንዲሠራ በማድረግ ምርቱን እኩል ማድረግ ተችሏል። የሦስተኛው የሙጫ ስኳር፣ የራምኖስ ፕሮሞተር ደግሞ እንደ ስኳሩ መጠን ምርቱን ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚመች ሆኖ በመገኘቱ ጥንቃቄ ለሚሹ ሥራዎች ይመረጣል።

የቀረው ጋላክቶስ ነው፤ እርሱም ከኢትዮጵያ ጤና ጋር የተያያዘ ጉዳይ አለው። ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና አድርጋ የተቀበለችው፣ ኳርተም በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው መድኃኒት አንዱ ክፍል ከአርቴሚሲኒን የሚገኝ ነው። አርቴሚሲኒን ከአንድ የቻይና ተክል ይወጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. የጄይ ኪስሊንግ ቡድን በካሊፎርኒያ የመድኃኒቱን መነሻ አሲድ የሚሠራ እርሾ ማዘጋጀቱን አሳተመ፤ ጂኖቹን ያበራባቸው በጋላክቶስ ፕሮሞተሮች ነበር። ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ ግን ጋላክቶስ ውድ ሆነባቸው። ስለዚህ የእርሾውን የራሱን ከልካይ ጂን ነቅለው ማብሪያው ያለ ጋላክቶስ እንዲሠራ አደረጉት። ሳኖፊ በ2013 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ማምረት ጀመረ። ይሁንና ከተክል የሚገኘው አርቴሚሲኒን በመርከሱ ኩባንያው ምርቱን አቁሞ ፋብሪካውን ሸጠ። ሳይንሱ የተሳካ፣ ገበያው ያልተመቸው ሥራ ነው። ዋጋ በቴክኖሎጂ ዕጣ ላይ ምን ያህል እንደሚወስን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ላክቶስን በተመለከተ ዋጋን የሚቀንስ ብልሃት ተገኝቷል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ላክቶስን የሚመስል፣ ባክቴሪያዋ ግን የማትፈጨው አይፒቲጂ የተባለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ይጠቀማሉ። ዋጋው ውድ ነው። ዊሊያም ስተዲየር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ ግሉኮስ፣ ግሊሰሮልና ላክቶስ ከመጀመሪያው ተደባልቀው ይሰጣሉ። ባክቴሪያዋ ግሉኮሱን ትጨርሳለች፤ ከዚያ ላክቶሱ ያለ ማንም እጅ ጂኑን ያበራል። ሞኖ በ1940 እ.ኤ.አ. ያያትን ያቺን የዕረፍት ጊዜ ሰዓት አድርጎ ተጠቀመባት ማለት ነው። ተመራማሪው ማታ ደባልቆ ይሄዳል፣ ጠዋት ፕሮቲኑን ይሰበስባል።

ማብሪያዎችን አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘትም ተጀመረ። በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ሁለት ጽሑፎች በአንድ እትም ወጡ። የጄምስ ኮሊንስ ቡድን እርስ በርስ የሚከለካከሉ ሁለት ጂኖችን አጣምሮ ትእዛዙን የሚያስታውስ ባክቴሪያ ሠራ። ማይክል ኤሎዊትዝና ስታኒስላስ ላይብለር ደግሞ ሦስት ከልካዮችን በክብ አያይዘው ብርሃኗ በየጊዜው የሚበራና የሚጠፋ ባክቴሪያ አሳዩ። በሁለቱም ውስጥ የላክቶሱ ከልካይ አለበት። ብዙዎች የሲንተቲክ ባዮሎጂን ልደት ከዚያ እትም ይቆጥራሉ።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ጥቅም የትኛው ነው ቢባል ውኃ መመርመር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የእርሻው ሠራተኞች በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ጥርሳቸው በልዟል፤ ለዓመታት የጠጡት ዘንድም ሕመሙ አጥንት ላይ ደርሶ አጉብጧቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው በርካታ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጁሊየስ ላክስ ቡድን ፍሎራይድ ሲያገኝ ጂን የሚያበራ፣ በቱቦ ውስጥ የደረቀ የባክቴሪያ ጭማቂ አዘጋጀ። ጠብታ ውኃ ሲጨመርበት፣ ፍሎራይዱ ካለ ቢጫ ይሆናል። በኮስታሪካ የመስክ ውኃ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። ማብሪያው ስኳር ባይሆንም ሐሳቡ ከላክቶሱ የወረደ ነው፤ አንድ ትንሽ ሞለኪውል ይመጣል፣ ጂን ይከፈታል፣ ዓይን የሚያየው ምልክት ይወጣል። ይህን መሣሪያ በወንጂ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ መሞከር የሚገባው የኢትዮጵያ ተመራማሪ ነው።

ሕጉ መንገድ አልዘጋም። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ወጥቶ በ896/2007 ተሻሽሏል። ዘረ መላቸው የተለወጠ ሕያዋንን በቤተ ሙከራ መያዝ ፈቃድና ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑም ተገቢ ነው። የጥንቃቄው አንዱ ምክንያት ፕላስሚዶቹ አብዛኛውን ጊዜ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚቋቋም ጂን መያዛቸው ነው። የሥራ ባክቴሪያዎቹ ከሥራ በኋላ ሳይሞቱ ወደ ፍሳሽ መግባት የለባቸውም።

የጎደለው ተማሪው በእጁ የሚነካው ሙከራ ነው። በሌሎች አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጄሊ ፊሽ የተወሰደውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ጂን በአራቢኖስ ፕሮሞተር ሥር አድርገው በባክቴሪያ ውስጥ ያስገባሉ። አራቢኖስ በሌለበት ሳህን ላይ ባክቴሪያዎቹ ነጭ ሆነው ይቀራሉ፤ አራቢኖስ ባለበት ሳህን ላይ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ ያበራሉ። ልዩነቱ ስኳሩ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ይህን አንዴ ካየ ፕሮሞተር ምን እንደሆነ ዳግመኛ አይረሳም። ዛሬ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ሥዕል ነው፤ ይህ ሊቀጥል የሚገባው ሁኔታ አይደለም።

ስለዚህ ጥሪው ለዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን ነው። የግራር ሙጫ በአገር ውስጥ ይለቀማል፣ ጥሬውን ወደ ውጭ ይላካል፤ ከሙጫ በለስላሳ አሲድ ተለይተው የሚወጡት ስኳሮች ግን በትንንሽ ብልቃጥ፣ በውጭ ምንዛሪ ተመልሰው ይገባሉ። አራቢኖስን ከሙጫ ማውጣት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ኬሚስትሪ ነው፤ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ክፍል ስኳሩን አውጥቶ ያጥራ፣ አንድ የባዮሎጂ ክፍል በፈቃድና በጥንቃቄ በባክቴሪያዋ ላይ ይሞክረው፣ ውጤቱን ያሳትሙ። ሙጫው መርካቶ ድረስ መጥቷል።